ለፍራሽ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጥቅምት 26

ዛሬም ያው ነው። መብራት የለም፣ የሂሳብ መምህሩ የለም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተማርንና ተበተንን።

ቤት ስገባ አባዬ የአስጎብኚነት ባጁን በካልሲ ሲወለውል ደረስሁበት። ፈረንጅ ወደ ጎንደር መምጣት ካቆመ ስንት ጊዜው... ባጁ ግን እንደ መስታወት ያበራል። «ለማን ነው አባዬ?» አልሁት። «ድንገት የመጣ እንደሆነ» አለ። በየት በኩል? እንኳን ፈረንጅ ጤፍም መንገዱን ፈርቶ ቀርቷል። ይህን ግን አላልሁትም። በሆዴ ነው። በሆዴ ስንት ነገር አለ።

እህቴ ትርንጎ መስኮቱ ሥር ጥልፏን ይዛለች። ሰርጓ ጥር 18 ነው። እጮኛዋ ሰውአገኝ ኮላ ድባ የአባቱን ወፍጮ ነው የሚያስፈጭ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገድ ሲከፈት፣ ይመጣል። ጆሮው ውስጥ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። «ሽበት ነው ጤፍ?» እለዋለሁ። ድምፅ ሳያወጣ ይስቃል። ትርንጎም እንደሱ ናት። ሁለት ዝምተኞች ተጋብተው ቤቱን ማን ሊያወራው ነው? እየሄድሁ አወራላቸዋለሁ ብያለሁ።

እሷን ለማግኘት የሰውአገኝ ሽማግሌዎች አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። አባዬ በየጊዜው «ዘመድ ላማክር» እያለ ቀጠሮ ሰጣቸው። የትኛውን ዘመድ? ያለችን አንድ አክስት ናት፤ እሷም ገና በመጀመሪያው ቀን እልል ብላ ጨርሳለች። ግን ወግ ነው። ቶሎ የሰጠ አባት፣ ልጁ ከብዳበት ነው ይባላል።

ጥቅምት 30

አባዬ ቆሞ፣ ኮት ለብሶ ስልክ አወራ። በስልክ እኮ ኮት አይታይም!

የደወሉት ከአዲስ አበባ ነው፤ ማስታወቂያ ሠሪዎች። አርቲስት ኢዮስያስ ጎንደር ሊመጣ ነው! እሱ ራሱ! ለድሎት ፍራሽ ማስታወቂያ። ታሪኩ እንዲህ ነው... ኢዮስያስ ሽማግሌ ይልካል። የልጅቷ አባት «ልጁ ምን አለው?» ይላል። ሽማግሌዎቹ «ድሎት ፍራሽ አለው» ይላሉ። አባትየው «ሰጥቻለሁ!» ይላል። አለቀ። አርባ አምስት ሰከንድ።

አባዬ ቦታም ሰውም እንዲፈልግላቸው ተቀጠረ። ሽማግሌዎቹ ተዋናይ እንዳይሆኑ፣ «ፊታቸው ታሪክ ያለው» የእውነት ሽማግሌዎች ይሁኑ ብለውታል። ግማሽ ቀን አሰበ። አስቦ አስቦ ማንን ጠራ? ቄስ ምንዳዬን፣ ሐጂ ዐብዱረሕማንንና አያ ሰጠኝን። ትርንጎን ለሰውአገኝ ሊለምኑ የመጡትን ሦስቱን!

«ከነሱ በላይ መለመን ማን ያውቅበታል? የተፈተኑ ናቸው» አለ።

እማዬ ብቻ «ምነው፣ በጎንደር ሌላ ሽማግሌ ጠፋ?» አለች። ሳቅንባት።

ኅዳር 4

መጡ። ሁለት ማኪና ሙሉ።

ኢዮስያስ አጭር ነው!! በቴሌቪዥን ግንብ የሚያህለው ሰውዬ እኔን በሁለት ጣት ቢበልጠኝ ነው። መነጽሩን ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ወለቃ አላወለቀም። ቀረጻው እዚያ ነው፣ አንድ የሣር ክዳን ቤት ተከራይተው ግቢውን በሸክላ ሞልተውታል። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ገልብጦ የሚያደርግ ልጅ እግር ነው። እኔ ኮፍያው ብዬዋለሁ። አባዬን «ፋዘር» ይለዋል። አባዬ በሦስት ቋንቋ ነገሥታትን ሲተርክ የኖረ ሰውዬ፣ ፋዘር ሲባል ቅቤ ሆኖ ቀለጠ።

ግን ሙሽራዋ የለችም። ተዋናይዋ አዲስ አበባ አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል እናቷ «ጎንደር? በዚህ ጊዜ?» ብላ መለሰቻት አሉ። ኮፍያው ኮፍያውን ያዘ። ከዚያ ቆሎ ይዛ የገባችውን ትርንጎን አየ።

«አንቺ... ወደ ብርሃኑ ዙሪ እስቲ።»

«እኔ የታጨሁ ነኝ» አለች። መልሷን እዩልኝ! ማን ጠየቀሽ?

«ማስታወቂያ ነው እኮ» አለ ኮፍያው። «ማስታወቂያ ነው እኮ» አለ አባዬ። «ማስታወቂያ ነው እኮ» አልሁ እኔ። አዎ፣ እኔም ብያለሁ። እንደውም አብዝቼ ነው ያልሁት። እህቴ ከኢዮስያስ ጋር! ክፍል ውስጥ ማን ይችለኛል?

ለሰውአገኝ ሦስት ጊዜ ደወለች። ኮላ ድባ ኔትወርክ የለም። እሺ አለች።

ኮፍያው ደስ አለው። «የእውነት ልጅ፣ የእውነት ሽማግሌ... ፋዘር፣ አባትየውንም እርስዎ ይሁኑልና!»

ኅዳር 5

እጄ እየደከመም ቢሆን ልጻፍ። እንደዛሬ ስቄ አላውቅም።

ኢዮስያስን ሳይሆን ሽማግሌዎቹን መቅረጽ ነበር። ሐጂ ዐብዱረሕማን ፊታቸውን ፓውደር ለምትቀባቸው ልጅ «በዚህ በኩል ጨምሪ፣ ሚስቴ በዚህ በኩል ነው የምትቀመጥ» ይሏታል። ቄስ ምንዳዬ ፊቴን አላስነካም ብለው ጃንጥላ ዘርግተው ቆሙ። ሁሉንም በስልኬ ቀርጬዋለሁ።

«አክሽን!»

ገቡ። አባዬ «ተቀመጡ» አለ። ቄሱ «አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን» አሉ። ሸጋ። «ልጁ ምን አለው?» «ድሎት ፍራሽ አለው።» አባዬ አገጩን ዳበሰ። አሰበ። አሁንም አሰበ። «መልካም» አለ፣ «ዘመድ ላማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

«ከት! ፋዘር፣ የምን ሁለት ሳምንት?»

«ታዲያ ባንዴ እንዴት እሰጣለሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ልክ ነው» አሉ ሦስቱም ሽማግሌዎች። «ባንዴ አይሰጥም። ነውር ነው።»

«ማስታወቂያው አርባ አምስት ሰከንድ ነው!»

ሁለተኛው ላይ አባዬ «ከአንድ ሳምንት በኋላ» አለ። ቀነሰላቸው!

ሦስተኛው ላይ ቄስ ምንዳዬ ምርቃት ጀመሩ። የእውነት ምርቃት። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ዘመኑን ሰላም ያድርግላችሁ... ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ኮፍያው አፉን ከፈተና ዘጋው። ኮፍያውን አወለቀ። ካሜራ የያዘው ልጅ እንኳ ካሜራውን ተሸክሞ «አሜን» ይላል። አሥራ አንድ ደቂቃ። ባትሪው አለቀ።

አራተኛው ላይ አያ ሰጠኝ ለኢዮስያስ ሊለምኑ ቆመው፣ ከልምድ የተነሣ፣ «ልጃችን ሰውአገኝ...» አሉ።

«ከት! ሰውአገኝ ማነው? አውጡልኝ ሰውአገኝን ከዚህ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔማ ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ! ትርንጎ ብቻ ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። ኢዮስያስ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ቀኑን ሙሉ ያናገራት አንድ ነገር ነው። «ቻርጀር አለሽ?»

ከዚያ አባዬ ወጉን ሰበረው። እጁን ወረወረና «ሰጥቻለሁ!» አለ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሁሉ አጨበጨቡለት። «አንዴ ይደገም ፋዘር።» ደገመ። ከፊት፣ ከጎን፣ በቅርብ፣ በሩቅ... ሰባት ጊዜ ሰጣት። ሰባተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ የቀባቻቸው ልጅ ዓይኗን ጠረገች። አባዬ ሲጨበጨብለት ካየሁ ቆየሁ። ፊቱ... ተዉት። ደስ አለኝ።

ሲጨርሱ ወረቀት አስፈረሙት። ማስታወቂያው እስኪወጣ ድረስ፣ ማስታወቂያ መሆኑን ለማንም ላይናገር። ለማንም! ፊርማው ግማሽ ገጽ ያዘ። ለሚቀጥለው ሥራም እንጠራሃለን ብለውታል።

ኅዳር 6

ቁርስ ላይ «አባዬ፣ ስኳሩን» ስለው «ሰጥቻለሁ!» አለ። ጀመረው።

ኅዳር 19

ዛሬ ኔትወርክ መጣ። ምነው በቀረ።

ኢዮስያስ ፎቶ ለጥፏል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆመው፣ አባዬ እጁን ወርውሮ፣ ትርንጎ አንገቷን ደፍታ። ከሥሩ «ጎንደር ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሰጡኝ! ዝርዝሩን በቅርቡ» ይላል። ሕዝቡ እንኳን ደስ አለህ፣ የወግ ልጅ፣ ልጅቷ ግን ገጠሬ አትመስልም ወይ... ገጠሬ! እየጮህሁ አነበብሁላቸው። አባዬ በጀርባው ተኝቶ ይስቃል።

ትርንጎ ስልኩን ተቀበለችኝ። ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች።

«ፍራሹ የታለ?»

እውነትም። ፍራሽ የሚል ቃል የለም።

አባዬ ለኮፍያው ደወለ። ቆሞ። «ፋዘር፣ ስትራቴጂ ነው፣ መጀመሪያ ሕዝቡ ይጓጓ። አንድ ወር ብቻ። ፈርመዋል እኮ።» አባዬ ስልኩን ዘግቶ «ስትራቴጂ ነው» አለን። ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። ማናችንም አልሳቅንም።

ኅዳር 22

ትናንት ቅዳሜ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው። ሰውአገኝ አልመጣም። ስልኩ ይጠራል። አይነሣም።

ኅዳር 25

የሰውአገኝ አባት፣ አያ ወልደኢየሱስ፣ መጡ። ብቻቸውን። ጋቢ፣ ከዘራ፣ ጫማቸው ላይ የደምቢያ ጭቃ።

«ይቀመጡ አያ ወልደኢየሱስ» አለ አባዬ።

«ቆሜ ነው የምሄድ። ማክሰኞ ገበያ መሐል አንድ ጎረምሳ ስልክ አቀበለኝ። ‹ምራትዎ ታዋቂ ሰው አገባች› አለኝ። ሰው ተሰብስቦ። አንተ ስማቸው፣ ልጅህን ለማን ነው የሰጠሃት?»

«ለማንም። ለሰውአገኝ ናት። ነገሩ... አያ ወልደኢየሱስ፣ ነገሩን መናገር አልችልም። ለአንድ ወር ቃል አለብኝ።»

«ቃል?» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «ለኔስ?»

እማዬ «ተናገር አንተ ሰውዬ!» አለችው። ፈርሜያለሁ ይላል። ደግሞ ይከሱኛል፣ ሁለተኛ አይጠሩኝም... ያቺ ሥራ አንገቱን ይዛዋለች። ትርንጎ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። አላስቻለኝም። እኔ ምን ፈርሜያለሁ? ስልኬን አወጣሁና «አያ ወልደኢየሱስ፣ ማስታወቂያ ነው! የፍራሽ! ይኸው ቀርጬዋለሁ፣ ይዩ!» አልሁ።

ብልጥ ነኝ ብዬ። ቤቱን ያዳንሁ መስሎኝ።

መነጽር የላቸውም፤ ስልኩን አርቀው ያዙት። ሽማግሌዎቹ ታዩ። ራሳቸው መርጠው የላኳቸው፣ አራት ጊዜ ወደ ደጃችን ያመላለሷቸው ሽማግሌዎች። «አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን።» ለሌላ ሰው። ከዚያ ትዝ አለኝ። አራተኛው! ላሳልፈው እጄን ስሰድድ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ልጃችን ሰውአገኝ...»

«ሰውአገኝ ማነው? አውጡልኝ ሰውአገኝን ከዚህ!»

ሳቁ መጣ። ከሁሉም በላይ አንድ ሳቅ፣ ለስልኩ የቀረበ፣ እንደ ፍየል የሚጮህ።

«ይህች የምትስቅ ማን ናት?»

«...እኔ ነኝ።»

እስከ መጨረሻው አዩት። ሰባቱንም። ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው።

«ማስታወቂያ መሆኑ ገብቶኛል ልጄ። እኔም ቴሌቪዥን አለኝ» አሉ። ወደ አባዬ ዞሩ። «ስማቸው፣ እኔን አራት ጊዜ አመላለስኸኝ። ልጁ አትከብደውም፣ ደግ አደረገ ብዬ ለሰው አወራሁልህ። ለፍራሽ ግን በቆመበት ሰጠሃት፣ በኔው ሽማግሌዎች። አንድ ጊዜ ቢሆን ቀልድ ነው እል ነበር።»

ከዘራቸውን አነሡ። እማዬ እስከ በር ድረስ ተከትላ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል «እጅጋየሁ፣ አንችን አልቀየምሁም» ብለው አነሷት።

ሄዱ።

ኅዳር 26

ማንም አልተቆጣኝም። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 9

አባዬ አስታራቂ ሲፈልግ ሰነበተ። ማንን ይላክ? በዚህ ከተማ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚደመጥ እነማን ናቸው? ቄስ ምንዳዬ፣ ሐጂ ዐብዱረሕማን፣ አያ ሰጠኝ። ሄዶ ለመናቸው። ቄሱ «ስማቸው፣ የኛው እጅ ያለበት ነው፤ በምን አፋችን?» አሉት።

ዛሬ ግን መጡ። አያ ወልደኢየሱስ ልከዋቸው ነው። የእጮኝነቱን ቀለበትና ልብስ መልሰው ሊወስዱ።

አልመረቁም። ሐጂ ዐብዱረሕማን ሻይ ቀርቦላቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው አልጠጡትም። ትርንጎ ልብሱን ራሷ አጥፋ አመጣች። ቀለበቱን ከላይ አስቀመጠችው። ጥልፉ እንዳይጨማደድ በወረቀት ጠቅልላዋለች... ለማን ነው የምትጠነቀቅ?

አያ ሰጠኝ «የኔ ልጅ፣ ምላሴን በቆረጠው» አሏት።

«ምንም አይደለም አያ» አለች።

ስለ አያ ሰጠኝ ባርኔጣ የምጽፈው ቀልድ ነበረኝ። ተውሁት።

ታኅሣሥ 24

ማስታወቂያው ወጣ!

ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ በቲቪ አየሁት። ፍራሽ! በትልቁ፣ በቀይ ጽሑፍ፣ ድሎት ፍራሽ! አሁን ጎንደር ሁሉ፣ ኮላ ድባ ሁሉ፣ ኢትዮጵያ ሁሉ ውሸት መሆኑን አወቀ። ትርንጎ ሦስት ሰከንድ እንኳ አትታይም፤ ነጠላና አፍንጫ ናት። ለዚህ ነው እንዴ? እየሮጥሁ ቤት ገባሁና «ደውይለት!» አልኋት። አልደውልም አለች። እኔ ደወልሁ። ልቤ... አነሣው! ከአንድ ወር በኋላ!

«ሰውአገኝ፣ ማስታወቂያው ወጣ! ገበያ ላይ ያሙህ ሁሉ ይፈሩ!»

«አየሁት።»

«እና?»

«ዓይናዲስ፣ እኔ መጀመሪያም አምኛችሁ ነበር። አባቴም ያውቃል።»

«እና ታዲያ?»

«አባቴ ወደ አይከል ከተማ ሽማግሌ ልኳል። ለሌላ ልጅ። ቃል ገብቷል።»

«አንተስ?»

ከጀርባው ወፍጮው ሲነሣ ሰማሁ።

«ወፍጮው ይጮሃል፣ አይሰማኝም» አለ።

እኔ ግን በደንብ ይሰማኝ ነበር። ትርንጎ ድምፁን ሰምታለች፤ ስፒከር ላይ ነበር። ስፒከር ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ደስ የሚል ነገር ይላል ብዬ።

ጥር 2

ልጆች አባዬን በየመንገዱ «ሰጥቻለሁ!» እያሉ ይከተሉታል። እጃቸውን እንደሱ ወርውረው። ባጃጅ ነጂዎችም ይሉታል። ለሁለተኛው ሥራ አልደወሉም። ኮፍያው ስልክ አያነሣም። አባዬ ከገና ወዲህ ከግቢ አልወጣም። ትናንት እማዬን «ፀጉር አስተካካዩን ወደዚህ ጥሪልኝ» አላት።

ድሮ ቢሆን እኔም እልለት ነበር። ከሁሉም ቀድሜ።

ጥር 7

ጭነት ማኪና በራችን ላይ ቆመ። ሁለት ሰዎች ፍራሽ አወረዱ። ባለ ሁለት ሰው፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ሪባን ያለበት። «ለሙሽራዋ፣ ከድሎት ፍራሽ ቤተሰብ ስጦታ» ይላል ወረቀቱ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። አባዬ መልሱት አለ፤ ሹፌሩ እኔ ማድረስ እንጂ መመለስ አልታዘዝሁም አለ።

በበሩ አልገባ ብሎ ታጥፎ ገባ። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቲቪውን ሸፍኖታል። ማንም አያነሣው፣ ማንም ስሙን አይጠራ። እንግዳ የመጣ ይመስል ዞረነው እንሄዳለን።

ጥር 18

እሑድ። ከጠዋት ጀምሮ የሰርግ ማኪና ጥሩንባ ነው። አንዱ ሲያልፍ ሌላው።

ሰውአገኝ ዛሬ አላገባም። የአይከሏ ልጅ ሰርግ ከፋሲካ በኋላ ነው አሉ። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም።

እማዬ ከቅዳሴ አልተመለሰችም። አባዬ ክፍሉን ዘግቷል። ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ስመለስ ከሳሎን የሚቀደድ ነገር ሰማሁ። ትርንጎ በሽንኩርት ቢላ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ሪባኑን ፈታች። ገፋ አድርጋ ጣለችው፤ ወለሉን በሙሉ ያዘው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

ጫማዋን አወለቀች። ጠርዙ ላይ በጎኗ ተኛች፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ። ሌላው ጥሩንባ አለፈ። ከበሮም ነበረው። አላለቀሰችም። እኔም የምለው ነገር ፈለግሁ... አንድ ቀልድ እንኳ። ድሮ አፌን ሳልከፍት ይመጣልኝ የነበረ።

«ነይ፣ ሰፊ ነው» አለች፣ ሳትዞር።

ከጀርባዋ ተኛሁ። ሁለታችንም ተኝተን ቦታ ተረፈ። ዕድሜዬን ሙሉ የተኛሁት ጥጡ ባበጠ ፍራሽ ላይ ነው። ይኸኛው ሰውነትን እንዴት እንደሚቀበል...

ይመቻል። በጣም ነው የሚመች። እሱ ነው ያናደደኝ።